ብራውዘራችንን ያዘገየው ማነው? ከመፍረዳችን በፊት እንለካ

  

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፊደል ገበታም ስለ ተረትም አይደለም። በኔ ቤት ስለተነሳ አንድ ክርክር ነው። ክርክሩን የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልጆች ደስ ብሏችሁ እንደምታነቡት አልጠራጠርም።

ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ላፕቶፕ እኔም ማታ ማታ የምጠቀምበት የጋራ ላፕቶፕ ነው። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ እያለቀሰች አገኘኋት። የቤት ሥራዋን ጨርሳለች፤ ነገር ግን የምታስገባበት ገጽ አልከፈት እያለ፣ ከተከፈተም በኋላ «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ ክሊክ ስታደርግ እየደረቀ ሰዓቱ አለፈባት። «ዘግይቷል» የሚል ቀይ ምልክት ተለጠፈባት። እኔም ምንም ሳላጣራ «ይሄ ሁሉ አንቺ የምትጭኚው ነገር ነው!» ብዬ ተቆጣሁ። ብራውዘሩ ላይ ነጩን ገጽ ጥቁር የሚያደርግ አንድ ነገር ጭና ነበርና እሱን አጠፋሁት። ገጹን እንደገና ስከፍተው ቶሎ መጣ። «አየሽ?» አልኳት።

«አባዬ፣ መልሰህ አብራውና እንየው» አለችኝ።

አበራሁት። ገጹ አሁንም ቶሎ መጣ! ታዲያ ጥፋተኛው እሱ ከሆነ ሲበራ ለምን አልዘገየም?

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ወጪ ያለ ደረሰኝ «የእገሌ ጥፋት ነው» ብዬ ብጽፍ አንድ ቀን አላድርም። ቤቴ ስገባ ግን ያለ ደረሰኝ ፈረድኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከናንተ ክፍል ተመልሼ ከልጄ ጋር ልክ እንደ ሂሳብ ምርመራ አድርገን ለካነው። እንዴት እንደለካን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስሙን እንያዝ። ብራውዘር ማለት ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው፤ ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ሳፋሪ የሚባሉት። በነዚህ ላይ የሚጫኑትን ትንንሽ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ኤክስቴንሽን ወይም አድ-ኦን ይሏቸዋል። እኔ እዚህ «ተቀጽላ» እላቸዋለሁ። ወላጆች ታስታውሱ እንደሆነ አገር ቤት ዛፍ ላይ የሚበቅል ተቀጽላ የሚባል ተክል አለ። ሥሩን መሬት ውስጥ አይሰድም፤ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ውሃውን ከዛፉ ይጠጣል። ወፎች ፍሬውን ይወዱታል፣ ሰዎችም ለመድኃኒት ይፈልጉታል፤ ሲበዛ ግን ዛፉን ያደክመዋል። የብራውዘር ተቀጽላም የራሱ ኮምፒውተር የለውም። ሜሞሪውንም ጊዜውንም የሚጠጣው ከእናንተ ኮምፒውተር ነው።

እንዴት ነው የሚያዘገየው? ልጆች፣ ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል አይደል? በአንድ ምጣድ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ እንጀራ ብቻ ነው የሚወጣው። የተከፈተ ድረ ገጽም አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ምጣድ ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉን መደርደር፣ ለክሊካችሁ መልስ መስጠት፣ የጻፋችሁትን ፊደል ስክሪን ላይ ማውጣት፣ ሁሉም በተራ ነው። ብዙዎቹ ተቀጽላዎች ደግሞ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የራሳቸውን ትእዛዝ ወደ ገጹ ያስገቡና እዚያው ሰልፍ ውስጥ ይቆማሉ። አንዱ ምጣዱን ረጅም ጊዜ ከያዘ የናንተ ክሊክ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ነው «ደረቀብኝ» የምንለው።

ጊዜውን በቁጥር እንየው። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊሰከንድ ነው። አብዛኛው ስክሪን ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ 1000ን ለ60 ስናካፍል ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። አንድ ተቀጽላ ምጣዱን 300 ሚሊሰከንድ ቢይዘው ወደ 18 ሥዕሎች ተዘለሉ ማለት ነው። የድረ ገጽ ባለሙያዎች ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ የሚወስደውን ሁሉ «ረጅም ሥራ» ይሉታል። ጃኮብ ኒልሰን የተባለ የኮምፒውተር አጠቃቀም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ድንበሮችን አስቀምጧል። መልሱ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ሰው «ወዲያው ሆነ» ይላል፤ እስከ 1 ሰከንድ ሐሳቡ አይቋረጥም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። ልጄም አሥር ሰከንድ ያህል ስትጠብቅ ቁልፉን ደጋግማ ትመታው ነበር። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ምት ሰልፉ ውስጥ ይገባና ነገሩ ይብሳል።

እንግዲህ ወደ ልኬቱ። መጀመሪያ የተማርነው ነገር ያን ማታ ለምን እንደተሳሳትኩ ነው። ብራውዘር አንድ ገጽ ሲከፍት ሥዕሎቹንና ሌሎች ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይህንን ማስቀመጫ ካሽ ይሉታል። ሁለተኛ ስትከፍቱት ከሩቅ ከማምጣት ይልቅ ከጓዳ ያወጣዋል። ስለዚህ እኔ ያወዳደርኩት ተቀጽላው የበራበትንና የጠፋበትን አልነበረም፤ አንደኛ አከፋፈትንና ሁለተኛ አከፋፈትን ነበር! ብራውዘሩን ራሱን ስትከፍቱም እንደዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ከጠፋበት ሲነሳ የመጀመሪያው አከፋፈት ሁልጊዜ ከሁለተኛው ይዘገያል። ሁለቱን ማደባለቅ የጥር ደሞዝን ከየካቲት ወጪ ጋር እንደማመሳከር ነው።

ለዚህ መላ አለው። በክሮም፣ በኤጅና በፋየርፎክስ ኤፍ 12 የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የባለሙያዎች መስኮት ይከፈታል። «ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡና «ዲሴብል ካሽ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። መስኮቱ ክፍት እስካለ ድረስ ብራውዘሩ ከጓዳ አያወጣም። ከታች በኩል ደግሞ «ሎድ» የሚል ጽሑፍና ገጹ ለመጫን የፈጀበትን ጊዜ ያሳያችኋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር የሚነግራችሁ ፋይሎቹ መድረሳቸውን እንጂ ቁልፉ ለጣታችሁ መልስ መስጠት መጀመሩን አይደለም። ገጹ «ደርሻለሁ» ብሎ ምጣዱ ገና ተይዞ ሊሆን ይችላል። የልጄ ችግር ደግሞ በዋናነት ይሄኛው ነበር። ስለዚህ በስልክ ሰዓት ለካን፦ ገጹን ካዘዝንበት ቅጽበት ጀምሮ ቁልፉ ለክሊክ መልስ እስኪሰጥ ድረስ። የሰው ጣት ራሱ ትንሽ ስለሚዘገይ በስልክ ሰዓት የጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት አይያዝም፤ የሰከንዶች ልዩነት ግን በደንብ ይያዛል።

ሕጉንም በወረቀት ጻፍን። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ይሰካል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሊዘገይ ይችላልና። ሌሎች ፕሮግራሞችና ገጾች ይዘጋሉ። ቦታው ያው፣ ዋይ ፋዩ ያው፣ ገጹ ያው። ቪዲዮ የሚያይ ሰው ቤት ውስጥ እንዳይኖር እናቷን ለመንናት። እያንዳንዱን ነገር 5 ጊዜ እንለካለን። በአንድ ጊዜ የሚለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ላይ 8 ተቀጽላዎች ነበሩ። እኔ ሦስት ወይም አራት ነበር የመሰለኝ! ሁሉም በርተው የመጣው ውጤት ይኸው፦ 8.4፣ 8.9፣ 8.6፣ 14.2፣ 8.5 ሰከንድ። 14.2 ከየት መጣ? ዊንዶውስ በዚያው ደቂቃ ራሱን እያደሰ ነበር። እዚህ ላይ ትልልቆቹ ልጆች ይከተሉኝ። አምስቱን ደምረን ለ5 ብናካፍል አማካዩ 9.7 ይሆናል፤ አራቱ ልኬቶች ግን ከ9 በታች ናቸው። አንዱ ክፉ ቁጥር ሁሉንም ወደ ላይ ሳበው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረን መሀለኛውን ብንወስድ ግን 8.6 ነው። 14.2 ቢቀርና 10 ቢሆን እንኳ መሀለኛው አይለወጥም። ስለዚህ መሀለኛውን ያዝን።

ከዚያ ስምንቱንም አጠፋን። መሀለኛው 3.2 ሰከንድ ሆነ። የ5.4 ሰከንድ ልዩነት! እኔ ለአዲስ ላፕቶፕ 700 ዶላር መድቤ ነበር እኮ።

ማነው ታዲያ ጥፋተኛው? አንድ በአንድ ብናጠፋ እስከ 8 ዙር ሊሄድብን ነው። ልጄ «በግማሽ በግማሽ እናድርገው» አለች። አራቱን አጥፍተን አራቱን ተውን። በጠፉት ውስጥ የሷ ጥቁር ገጽ ነበረበት። ውጤቱ 8.5፤ ማለትም ዝግመቱ አለ። ስለዚህ ጥፋተኛው በበሩት በአራቱ ውስጥ ነው፤ የሷ ነፃ ወጣ! ፊቷን ብታዩት። የመጀመሪያዎቹን መልሰን አብርተን ከቀሪዎቹ አራት ሁለቱን ስናጠፋ 3.3 መጣ። ከነዚያ ከሁለቱ አንዱን አብርተን አንዱን ስናጠፋ አሁንም 3.3። የጠፋውን መልሰን ስናበራው 8.6። አሁን ደረሰኝ አገኘን። ሲጠፋ ዝግመቱ ይሄዳል፣ ሲበራ ይመለሳል። ልጆች፣ ከስምንት አንዱን በ3 ዙር አገኘን፤ ከ16 ቢሆን በ4 ዙር ይገኛል። 32 ቢሆኑስ? አስቡት። ይህ የግማሽ መንገድ በደንብ የሚሠራው ጥፋተኛው አንድ ሲሆን ነው። ሁለት ሆነው ሲጋፉ፣ ለየብቻቸው ብዙም የማያዘገዩ ሁለት ተቀጽላዎች አብረው ሲሆኑ ከድምራቸው በላይ ሊያዘገዩ ስለሚችሉ አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ጥፋተኛው ማን ሆኖ ተገኘ? ሱቅ ስንገዛ የቅናሽ ኩፖን የሚፈልግ ተቀጽላ። የጫነውስ? እኔ! ጫማ ስገዛ አምስት ዶላር ለማትረፍ ብዬ የጫንኩት ነው፤ ከዚያ በኋላ ትዝም አላለኝ። ሥራው የሱቅ ዋጋ መፈለግ ቢሆንም በተከፈተው ገጽ ሁሉ ይገባል። የቤት ሥራ ገጽ ላይ ምን ዋጋ አለ? እሱ ግን ገጹ በተለወጠ ቁጥር እንደገና ይፈትሽ ነበር።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለመምህሯም ስለ ቀዩ ምልክት ጻፍኩላቸው። ለሙሉ ፍትሕ ግን የሷንም ተቀጽላ ለብቻው ለካነው። እሱ ብቻ ሲበራ 3.5 ሰከንድ መጣ፤ ባዶው 3.2 ነበር። የገጹን ቀለም ሁሉ ስለሚቀይር ትንሽ ይወስዳል። «0.3 ሰከንድ ለዓይኔ እከፍላለሁ» አለች። ይሄ አባባሏ ትክክል ይመስለኛል። ተቀጽላ ሁሉ ይጥፋ አይደለም የምለው፤ ዋጋውን አውቀን እንክፈል ነው።

አንዳንዱ ተቀጽላ ደግሞ ጭራሽ ያፈጥናል። ማስታወቂያ የሚከለክለውን ስንለካ የቤት ሥራው ገጽ ላይ ምንም ለውጥ አላመጣም፤ ማስታወቂያ የለበትማ። እኔ ማታ ማታ የማነበው የዜና ገጽ ላይ ግን ሲጠፋ 5.1፣ ሲበራ 2.9 ሰከንድ ሆነ። ራሱ ሜሞሪ ይበላል፤ የሚያስቀረው ሥራ ግን ከሚበላው ይበልጣል። ስለዚህ «ይሄ ተቀጽላ ያዘገያል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «በየትኛው ገጽ?» የሚለውን ጨምሩበት።

ወላጆች፣ ይህ ጣጣ አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ቱልባሮች ተደራርበው የስክሪኑን ግማሽ ሲይዙ አይተን የለ! ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 9 ላይ ተቀጽላዎችን የሚቆጣጠር መሣሪያ ጨመረ፤ ከ0.2 ሰከንድ በላይ የሚያዘገዩ ከሆነ ለተጠቃሚው ያስታውቅ ነበር። በዚያው ዓመት የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ አንድ ተቀጽላ በአማካይ የፋየርፎክስን መነሻ ጊዜ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ገልጾ፣ የቀርፋፎቹን ዝርዝር በይፋ አወጣ። ይህ 10 በመቶ የዚያን ዘመን ቁጥር ነው፤ ዛሬ ላይ እንዳትጠቅሱት። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቀጽላዎቹን አሠራር ከመሠረቱ ለውጦታል፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በ2022 ተሰናብቷል። አሁን ዋናው ዝግመት ብራውዘሩ ሲነሳ ሳይሆን ገጽ በተከፈተ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ነው።

ለመጀመሪያ ጥርጣሬ የሚሆን አቋራጭም አለ። ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤን ቁልፎችን አንድ ላይ ስትጫኑ የሚከፈተው የግል መስኮት እናንተ ካልፈቀዳችሁ በቀር ተቀጽላዎችን አያስገባም። እዚያ ፈጣን፣ በተለመደው መስኮት ዘገምተኛ ከሆነ ተቀጽላዎቹን ጠርጥሩ። ጠርጥሩ ነው ያልኩት፤ በግል መስኮት ካሹም የመግቢያ ምልክቱም ስለሌለ ልዩነቱ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ደግሞ የክሮም የራሱ የሥራ ዝርዝር ይወጣል፤ እያንዳንዱ ተቀጽላ በዚያ ሰዓት ስንት ሜሞሪና ስንት ፕሮሰሰር እንደያዘ ከስሙ አጠገብ ይታያል። የኛ የኩፖን ተቀጽላ እዚህ ዝርዝር ላይ ትንሽ ነበር የሚመስለው። ምክንያቱም ገጹ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሥራ በገጹ ስም ነው የሚመዘገበው፤ ወጪውን በሌላ ሰው ሂሳብ እንደሚያስጽፍ ሠራተኛ። ስለዚህ ዝርዝሩን እዩ፣ ግን ሰዓት ይዞ መለካቱን አትተዉ።

ሌላም ነገር አለ። ተቀጽላ ስንጭን «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃችሁን ማንበብና መለወጥ ይችላል» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብዛኞቻችን ሳናነብ «እሺ» እንላለን። በሁሉም ገጽ መግባት ማለት የዝግመትም የምስጢርም ጉዳይ ነው፤ የባንካችሁም ገጽ ገጽ ነውና። ክሮም ላይ የተቀጽላውን ምልክት በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ እናንተ ስትነኩት ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ትችላላችሁ። የኩፖኑን እንደዚያ አድርገን ስንለካ 3.2 መጣ። ትንሽ ቆይቼ ግን ጭራሽ አወጣሁት።

ከናንተ መካከል አማርኛ ለመጻፍ ተቀጽላ የጫናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሱ የሚሆነው ልኬት ገጽ መክፈት አይደለም፤ መጻፍ ነው። «ሰላም ለሁላችሁም» ብላችሁ በፍጥነት ጻፉና ፊደሉ ከጣታችሁ ኋላ መቅረት አለመቅረቱን እዩ። አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ስለሚፈልግ ዝግመቱ ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛው ቶሎ ይታያል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ ስላለው ያለ ተቀጽላም መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱን አወዳድራችሁ የተሻለውን ያዙ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ የመለኪያ ጊዜ ይኖረናል። ላፕቶፕ ያላችሁ ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት በደብተራችሁ ላይ ከወላጆቻችሁ ጋር የተቀጽላዎቹን ስም፣ ማን እንደጫናቸውና ለምን እንደተጫኑ ጻፉ። «ማን ጫነው» የሚለው ላይ ወላጆችም ስማችሁን በሐቅ አስፈሩ፤ እኔ አስፍሬያለሁ። ላፕቶፑ የመደበኛ ትምህርት ቤታችሁ ከሆነ ግን ምንም አታጥፉ፤ ትምህርት ቤቱ የጫነውን መንካት አይፈቀድላችሁ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ለክታችሁ አምጡና ለመምህራችሁ የምትሰጡትን ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን።